የጠፋ ምድጃ ሙቀት

ጣልያን ከገባ በኋላ ጎጃም ሲነሣበት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ያለቀው እህል አልነበረም፤ እንጨት ነበር። አርበኞቹ ከተማዋን ዙሪያዋን ከበዋት ስለነበር ከምሽጉ ወጥቶ ጭራሮ የሚለቅም አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ እንኳ በሰላም አይመለስም። ከገጠር ኩበት ተሸክመው የሚገቡት ሴቶችም ቀሩ። የከተማው ሰው መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ የከብቱን በረት፣ በመጨረሻ የጓዳውን በር እየነቀለ አነደደ። በምሽጉ ውስጥ የሚኖረው የጣልያን ሻምበል፣ ካፒታኖው፣ ግን የሚነቅለው በር አላስፈለገውም። መንገዱ በጦር ኃይል ለጥቂት ቀን በተከፈተ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ በታጀበ ካሚዮን አንድ ነጭ የብረት ምድጃ አስመጣ።

ምድጃው አራት እግር ነበረው፤ ቁመቱ የሰው ወገብ ይደርሳል። አናቱ ላይ ሦስት ክብ ጥቁር ብረቶች ተቀምጠውበታል፤ ከፊቱ ለእያንዳንዱ ብረት አንድ የሚዞር ቁልፍ አለው። ከኋላው ወፍራም ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይሰካል። ግቢው ውስጥ ያለው የመብራት ሞተር ሲጮህ ምድጃው ይግላል፤ ሞተሩ ዝም ሲል ይበርዳል። ጭስ የለው፣ ነበልባል የለው፣ አመድ የለው።

የኔዓለም ይህን ምድጃ መጀመሪያ ያወቀችው በመዳፏ ነው። ድስት ልታጥብ ተቀጥራ በገባች ሰሞን፣ ጥቁሩ ብረት ላይ የፈሰሰ ነገር አየችና ልትጠርገው እጇን አሳረፈችበት። ቁልፉ ወደ ማጥፊያው ዞሮ ነበር። ብረቱም እንደ ማንኛውም የተቀመጠ ብረት ጥቁር ነበር። ቆዳዋ ተጣብቆ ሲቀር እንኳ ምን እንደነካት አልገባትም፤ እሳት በሌለበት እንዴት ትቃጠል? ወጥ ቤቱ ዑቅባይ ከኋላዋ ደርሶ እጇን ከባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረውና ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ይዞት ቆየ።

«አታልቅሺ፣ ጓለይ» አላት። በአገሩ ቋንቋ ልጄ ማለቱ ነበር። ከዚያ የራሱን ቀኝ መዳፍ ገልብጦ አሳያት። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ ክብ ጠባሳ ነበረበት። «እኔም አስመራ እንዲህ ነው የተማርኩት።»

የኔዓለም የሮብ ገበያ አካባቢ ሰው ነበረች፤ ከጮቄ ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ደጋ። ባሏ ታረቀ በላቸው ሁለት ጥማድ በሬ የነበረው፣ ለሥራ የማይሰንፍ ገበሬ ነበር። መንደሩን ጣልያን አንድ ማለዳ መጥቶ አቃጠለው። ከነጎተራው፣ ከነበረቱ፣ ከነክምሩ። የዚያን ዕለት ታረቀ ያባቱን ጠመንጃ ከተቀበረበት አወጣና ዱር ገባ። ሲሄድ ሚስቱን ያላት አንድ ነገር ነው፦

«እናቴን አደራ።»

እናቱ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ቆብ የደፉ፣ ሥጋ ባፋቸው ያልዞረ፣ ከማኅሌት የማይቀሩ ሴት ነበሩ። የኔዓለም አዝላቸውም ደግፋቸውም ወደ ማርቆስ አመጣቻቸው። ከዘመድ ዘመድ ጓዳ ለምና አንዲት ጠባብ ክፍል አገኘች፤ መጀመሪያ ልብስ አጠበች፣ ኋላ እህል ሲጠፋ የሚያሳጥብም ጠፋ። ድስት አጣቢ ይፈለጋል ሲባል ወደ ምሽጉ ሄደች። ለእማሆይ «ከምሽጉ ሥራ አገኘሁ» ስትላቸው፣ ወደ ግድግዳው ዞረው መቁጠሪያቸውን መቁጠር ያዙ እንጂ አትሂጂ አላሏትም።

ዑቅባይ የሐማሴን ሰው ነበር። ጢሙ ሸብቷል፣ ባንድ እግሩ ያነክሳል፣ በቁጣ ጊዜ በትግርኛ፣ በትዝታ ጊዜ በጣልያንኛ ያጉተመትማል። ምድጃውን ፎርኔሎ ነበር የሚለው። መዳፏ ሻረላት እንጂ መፍራቷ አልሻረም፤ ምድጃው አጠገብ በደረሰች ቁጥር እጇን ከነጠላዋ ሥር ትደብቅ ነበር። አንድ ቀን ክንዷን ይዞ ፊት ለፊቱ አቆማት።

«ስሚ። የእንጨት እሳት ደግ ነው። ከሩቅ ያጨሳል፣ ይንጣጣል፣ መጣሁብሽ ይልሻል። ይህ አይናገርም። በርዶም ጥቁር ነው፣ ግሎም ጥቁር ነው። ስለዚህ አንቺ ሁልጊዜ ግሏል ብለሽ ጀምሪ። መዳፍሽን አታስቀድሚ። የእጅሽን ጀርባ ከላዩ ራቅ አድርገሽ ያዢው፤ ሙቀት ካለ ራሱ ይመጣልሻል።»

የእጇን ጀርባ ዘረጋች። ሙቀቱ እንደ ከብት ትንፋሽ መጣባት፤ ሸሸች።

«ተመለሺ» አላት። ተመለሰች።

እንዲህ እንዲህ እያለ አስተማራት። እርጥብ እጅ ቁልፉንም ገመዱንም እንዳይነካ፤ መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ወለሉ፣ ከዚያ የድስቱ ቂጥ መድረቅ አለበት። የአገር ሸክላ ቂጡ ክብ ስለሆነ ብረቱ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይሞቅም፣ ሲሞቅም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቂጡ የተደለደለ ብረት ድስት፣ ያውም ከክቡ ብረት የማይበልጥና የማያንስ። የድስቱ እጀታ ወደ ውጪ ከወጣ የቀሚስ እጅጌ ይጎትተዋል፤ ወደ ውስጥ ይዙር። የፈላ ነገር ከገነፈለ መጥረግ አይቀድምም፤ ቁልፉን ማጥፋት፣ እጅን ማድረቅ፣ ገመዱን ከግድግዳው መንቀል፣ ከዚያ መጠበቅ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ጨርቅ አጠገቡ አይሰጣም።

«ሰውን ከያዘውስ?» ብላ ጠየቀች፤ ይይዛል ሲባል ሰምታለች።

«በእጅሽ አትንኪው። አንቺንም ይጨምርሻል። በደረቅ እንጨት ገፍተሽ አላቅቂው፤ ወይ ገመዱን ንቀዪ። እንጀራ አብሮሽ የበላ ሰው ቢሆን እንኳ ዘለሽ እንዳታቅፊው።»

የኔዓለም ሁሉን ያዘች። ከጥቂት ወር በኋላ ዑቅባይ እግሩን ሲያመው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እሷ ስትሠራ ማየት ጀመረ። ውሃው እስኪፈላ ቁልፉን እስከ ጥግ ታዞረዋለች፤ መንተክተክ ሲጀምር ዝቅ ታደርገዋለች፤ ክዳኑን አትከፋፍትም። ሊበስል ትንሽ ሲቀረው ታጠፋዋለች፤ ብረቱ የያዘው ሙቀት የቀረውን ይጨርሰዋልና።

ይህ የመጨረሻው ትምህርት ነበር የእማሆይን ነፍስ ያቆየው።

ከተማዋ በተከበበች በሁለተኛው ዓመት ክረምት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ታመሙ። እግራቸው አበጠ፣ ድዳቸው ደማ፣ ሆዳቸው ቂጣ አልይዝ አለ። የኔዓለም ከምሽጉ የምታመጣውን ደረቅ ዳቦ በውሃ ነክራ ብታጎርሳቸው ይመልሱታል። ጎረቤቶች ፊታቸውን አይተው ከፈን መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ጀመሩ።

ካፒታኖው ደግሞ የጨጓራ በሽተኛ ነበር። በየቀኑ ዑቅባይ የበሬ አጥንት ቀቅሎ መረቁን ብቻ ያቀርብለታል፤ አጥንቱ ከነመቅኔው ለውሾቹ ይጣላል። የኔዓለም አንድ ቀን ያን አጥንት ይዛ ቆማ ቀረች።

«ምን ሆነሻል?» አላት ዑቅባይ።

«አማቴ ሊሞቱብኝ ነው።»

ዑቅባይ አጥንቱን አየ። በመስኮት ሞተሩ ወዳለበት አየ። «ካፒታኖ ናፍታውን እየሰፈረ ነው የሚሰጠው። ለሠራተኛ ድስት ቁልፍ ሳዞር ካገኘኝ ያስገርፈኛል» አለ። ቀጥሎ ቁልፉን ቀጭ አድርጎ አጠፋና የእጁን ጀርባ ከብረቱ በላይ ዘረጋ። «ከጠፋ በኋላ ያለውን ሙቀት ግን የሚሰፍርበት ቁና የለውም። እሱ የኛ ነው። ድስቱን ጣጅው።»

ምሳ ከወጣ በኋላ ብረቱ ሳይበርድ፣ ትንሽ ውሃ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ አጥንቱ ዳግመኛ ይቀቀላል። ሲበርድ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። ማታ በቅል አድርጋ ከነጠላዋ ሥር ይዛ በዘበኞቹ መካከል ታልፋለች።

መጀመሪያ ቀን ቅሉን ወደ እማሆይ አፍ ስታስጠጋ እጃቸውን ጣል አደረጉባት።

«ምንድን ነው?»

«የምስር ውሃ ነው፣ እማሆይ።»

ሽታው ክፍሏን ሞልቶት ነበር። እማሆይ ዓይኗን አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ አማተቡና «ምስር ከሆነ መልካም» ብለው ጠጡ። ያን ሌሊት አልመለሱትም። በማግስቱ በሩ ሲንኳኳ ከመኝታቸው ቀና ብለው የጠየቁት «ምስሩ መጣ?» ብለው ነው።

ወሩ ሳይሞላ የእግራቸው እብጠት ጎደለ። ቤተ ክርስቲያን ድረስ መሄድ ጀመሩ። ምስሩ ግን አልቀረም፤ በጾምም በፍስክም በየማታው ይመጣል። አንድ ማታ ካፒታኖው ለአሰሳ ወጥቶ ስለነበር አጥንት አልተቀቀለም፤ የኔዓለም ባዶ እጇን ላለመግባት ከአንዲት ጎረቤት አንድ ጭብጥ ምስር ተበድራ እውነተኛ የምስር ውሃ አፍልታ አቀረበችላቸው። እማሆይ ቀመሱና ቅሉን መሬት አስቀመጡት።

«ዛሬ ምስሩ አልበሰለም» አሉ።

የኔዓለም ዘወር ብላ ሳቀች። በዚያ ቤት ውስጥ ከልቧ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዑቅባይ ስንቅ ሊያመጣ ከካሚዮኖቹ ጋር አዲስ አበባ እንደወረደ አልተመለሰም። ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ አርበኞች ጠበቋቸው። የተረፈው ሾፌር ሲናገር ወጥ ቤቱ እያነከሰ ከካሚዮኑ ሥር ሊገባ ሲል መመታቱን ሰማች። የማን ጥይት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ታረቀ በየትኛው አገር እንደሚዋጋ አታውቅም ነበርና መጠየቁን ፈራችው። በከተማው ብታለቅስ ለአስካሪ አለቀሰች ይሏታል። ስለዚህ ያን ቀን ሊጥ አቦካች። እንባዋን በክንዷ ጠራረገች፤ ቁልፉን ከመንካቷ በፊት እጇን በደረቅ ጨርቅ አበሰች።

ከዚያ ወዲያ ምድጃው የእሷ ሆነ፤ ስሟም አብሮ ተቀየረ። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ከእንስራዋ ያርቃሉ። «የካፒታኖ ወጥ ቤት» ይላሉ፤ ለመስማት በሚበቃ ድምፅ። ወጥ ብቻ እንደማትሠራለትም ይጨምራሉ። ካፒታኖው ስሟን እንኳ አያውቅም ነበር፤ በጣቱ ጠርቶ በጣቱ ያሰናብታታል። ይህን ለማን ትናገር? እማሆይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚወራውን ሁሉ ይሰማሉ። ማታ ሲመለሱ ምንም ሳይሉ ቅሉን ይቀበሏታል።

ጣልያን ማርቆስን ለቆ የወጣው በመጋቢት መጨረሻ ነው። አርበኞቹ ሲገቡ ከተማው በእልልታ ተናጋ። ታረቀ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ዝናሩን አደግድጎ፣ አራት ጓደኞቹን አስከትሎ ወደዚያች ጠባብ ክፍል መጣ። እማሆይ በሩ ላይ ወደቁበት። ግቢው በሰው ሞላ። የኔዓለም ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር፤ ባሏን አየችው፣ ግን እናቱ እስኪጠግቡት ጠበቀች።

ታረቀ የእናቱን ትከሻ ይዞ አያቸው። የጠበቀው አጥንት ነበር መሰለኝ፤ ያገኘው ግን ወዛቸው ያልጠፋ አሮጊት ነው።

«እናቴ፣ ሰው ሁሉ በረሃብ አለቀ ሲሉኝ... ምን በልተው ቆዩ?»

እማሆይ አፋቸውን ከፈቱ። ከመናገራቸው በፊት ግን ጥሩነሽ የምትባል ጎረቤት ከሰው መሐል «በጣልያን ድስት ነዋ!» አለች። «ሚስትህ ከካፒታኖ ቤት በቅል ታመላልስ አልነበር? ሽታው እኛን ጾማችንን ሲፈትነን!»

 የታረቀ ጓደኞች እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ የእማሆይን ቆብ አየ።

የኔዓለም እማሆይን አየቻቸው። እማሆይ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ጓደኞቹን፣ ቀጥሎ መቁጠሪያቸውን አዩ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ዓይኔ የደከመ። ምስር ነው ትለኝ ነበር።»

«እማሆይ?» አለች የኔዓለም።

«ምስር ነው ብለሽ አላጠጣሽኝም?»

«ብዬ ነበር።»

«ምስር ነበር?»

«አልነበረም።»

እማሆይ ደረታቸውን መቱ፤ «ቆቤን! ቆቤን አረከሰችብኝ!» ብለው ጮኹ። ለቅሷቸው የውሸት አልነበረም። የኔዓለም ይህን አውቃለች። እውነተኛው ምስር በቀረበ ቀን ያሉትን ለመናገር ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ማን ያምናታል? ቢያምኗትስ ምን ታተርፋለች? አንዲት አሮጊት በልጇና በመንደሩ ፊት ትዋረዳለች። ዝም አለች። ዝምታዋንም ሁሉም እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ቆጠረው።

ታረቀ አልመታትም። «እናቴን አደራ ብዬሽ ነበር» አላት፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ ሥራ ሥር ስበላ ቆየሁ። አንቺ በገዳዮቼ ቤት ጠገብሽ። መጥገብሽ ሳያንስ እናቴን አረከስሽብኝ። ልብስሽን ያዢና ውጪ።»

ጋብቻቸው በሰማንያ እንጂ በቁርባን ስላልነበር በሁለት ሽማግሌ ፊት ፈረሰ። ልጅ አልነበራቸውም፤ የሚካፈሉትም ንብረት ተቃጥሏል። የኔዓለም ከከተማው ዳር ወለተ ሚካኤል ከምትባል ጠላ ሻጭ ተጠጋችና እየወቀጠች፣ እየፈጨች ትኖር ጀመር።

የካፒታኖው ቤት ለፊታውራሪ ፈንታ ተሰጠ። ታረቀም ከዘበኞቻቸው አንዱ ሆነ። አንድ ቀን የኔዓለም ጌሾ ስትወቅጥ ጥላ ወደቀባት። ቀና ስትል እሱ ነው። ስሟን አልጠራም።

«ፊታውራሪ ይጠሩሻል።»

«ለምን?»

«ግብር አለ። ያን ምድጃ የሚያውቀው ሰው ጠፋ።»

«እጄ የረከሰ አልነበረም?»

ታረቀ ወደ ሙቀጫው አየ። «እኔ መልእክተኛ ነኝ» አለ።

ሄደች። የጌታ ጥሪ እምቢ አይባልም፤ ደግሞም፣ ኋላ ራሷ እንደገባት፣ እንድታበስል ሳይሆን ይቅርታ እንዲሏት የተጠራች መስሏት ነበር። ወይዘሮ አይናዲስ፣ የፊታውራሪ ሚስት፣ እንጨት የማይበላ ምድጃ ለእንግዶቻቸው ለማሳየት ጓጉተው በወጥ ቤቱ በር ይመላለሳሉ። የቤቱ ወጥ ሠሪ ሥራነሽ ደግሞ እጇን አጣምራ ቆማለች። የኔዓለም ሞተሩ እስኪነሣ ጠብቃ፣ ገመዱን መረመረች፣ ብረቶቹን በደረቅ ጨርቅ ወለወለች፣ ሸክላ ድስቶቹን አስወጥታ ጣልያን ጥሎት የሄደውን ብረት ድስት አስመጣች። ዑቅባይ የነገራትን ሁሉ ለሥራነሽ ነገረቻት፤ እርጥብ እጅን፣ እርጥብ ጨርቅን፣ ግሎ ሳለ የጋለ የማይመስለውን ብረት።

«ይኼን ሁሉ የጣልያን ድጋም ማን ይሸመድዳል?» አለች ሥራነሽ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሳቁ።

የኔዓለም ደገመችላት። ሥራነሽ አልሰማችም። ግብሩ ተበላ፤ ወጡ ተመሰገነ፤ የማን እጅ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሲመሽ በጓሮ በር አስወጧት።

ሳምንት ሳይቆይ ወተት ገነፈለ። ሥራነሽ ቁልፉን ሳታጠፋ፣ ገመዱን ሳትነቅል፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጨርቅ ይዛ ልትጠርግ ገባችበት። ምድጃው ያዛት፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወረወራት። በሕይወት ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን ከዚያ በኋላ ማንኪያ አልያዘም። ፊታውራሪ ምድጃውን ከነገመዱ ገደል አስጣሉት። ሠራተኞቹም የኔዓለም ብረቱን ስትወለውል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይተናል፣ አስማት ደግማበት ነው የሄደችው አሉ። ምናልባት ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ይሆናል፤ የዑቅባይን ቃል በሆዷ ስትደግም ልማዷ ነበር።

ዳግመኛ ታረቀ ተላከ።

«ፊታውራሪ ከከተማው ትውጣ ብለዋል። ሳትታሰሪ ሂጂ።»

«የሥራነሽ እጅ እንዴት ሆነ?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«ጨርቁ እርጥብ ነበር?»

 ታረቀ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና ሄደ።

የኔዓለም ወደ ሉማሜ ወረደች። መንገድ ዳር አንድ ጎጆ ተከራይታ ለካሚዮን ነጂዎች ወጥ መሸጥ ጀመረች፤ ኋላ አውቶቡስ ሲበዛ ሻይም ጨመረች። ወጧ ስም አወጣ። ከየት እንደመጣች የሚጠይቃት ሲኖር «ከላይ ከደጋው» ትላለች፤ ከዚያ አታልፍም። የሚያገባት መጥቶ ነበር፣ አንዴም ሁለቴም፤ እምቢ አለች። የሰው አደራ መቀበል ጠልታ ነው ይላሉ የሚያውቋት።

ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ፣ በአንድ የዐቢይ ጾም ቀን፣ ከአዲስ አበባ የመጣው አውቶቡስ ቆመ። መንገደኞቹ ሲወርዱ አንድ ጥርሱ የጎደለ፣ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ከበሩ ቆሞ አላልፍ አለ። አጠገቡ መስቀል የያዙ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው እልፍ ብለው ከውጭው መደብ ላይ ተቀመጡ።

«የኔዓለም» አለ ሽማግሌው።

በድምፁ አወቀችው። «ግባ» አለችው፤ ለማንም መንገደኛ እንደምትለው።

ታረቀ አልተቀመጠም። «እናቴ አርፈዋል።»

«ነፍሳቸውን ይማር። መቼ?»

«አምስተኛ ክረምታቸው አለፈ።» ጋቢውን አስተካከለ። «ሊያርፉ ሲሉ ነገሩኝ። አውቅ ነበር አሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያወቅሁ ነው የጠጣሁት፣ በሷ ነው የኖርኩት፣ ፈልጋትና እግሯ ላይ ውደቅልኝ አሉኝ።»

የኔዓለም የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች። ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዘመን እንደጠበቀች ራሷም አታውቅም፤ ሲመጣ ግን የጠበቀችውን ያህል አልሆነም።

«ፈልጋት አሉህ?»

«አዎ።»

«በሞታቸው ሰዓት?»

«አዎ።»

«ከዚያስ አምስት ክረምት የት ነበርህ? ሉማሜ እኮ ሩቅ አይደለችም። የምትሳፈርበት መኪና ደጄ ላይ ነው የሚቆመው።»

ታረቀ መሬት መሬት አየ። «የመሬት ክርክር ነበረብኝ... ልጆቹም... ሰውስ ምን ይለኛል ብዬ።»

«ዛሬስ ማን ላከህ?»

ወደ ውጭ፣ ወደ መደቡ ተመለከተ። ቄሱ በጥላ ውስጥ ተቀምጠው ላብ ያብሳሉ። «የነፍስ አባቴ ሳትታረቃት አላቆርብህም አሉኝ። ለትንሣኤ መቁረብ እፈልጋለሁ። አርጅቻለሁ።»

መልእክተኛ ሆኖ ወደሷ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነበር። አሁን የተላከው በራሱ ጉዳይ ነው፤ የላከውም እግዚአብሔር ነው ቢባል ማን ይከራከራል? የኔዓለም ደረቷ ውስጥ የቆየውን ነገር ፈለገች፤ ስድብ፣ እርግማን፣ ልቅሶ። ሁሉም ነበሩ። አንዱም ለዚህ ጥርሱ ለጎደለ ሰው የሚሰጥ አልመሰላትም።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ታረቀ ተንፍሶ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ግን አልሄደም።

«እባክሽ ጮክ ብለሽ በይልኝ። አባ አልሰሙም።»

የኔዓለም አየችው። ከዚያ በሩ ላይ ወጣች፣ እጇን ጉበኑ ላይ አደረገች፣ አውቶቡስ ውስጥ ያሉት ሁሉ በመስኮት እስኪያዩዋት ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አባ! ይቅር ብዬዋለሁ!» አለች።

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ታረቀ ምሳ ሳይበላ ተሳፈረ፤ ፊቱ ቀሎት ነበር።

ታረቀ በዚያ ትንሣኤ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሶ መቁረቡን ከአውቶቡስ ረዳት ሰማች። እሷ አልቆረበችም። ዓመቱን ሙሉ ተዘጋጅታ ነበር፤ ንስሐዋንም ጨርሳ ነበር። ነገር ግን ይቅር ያላለችውን ሰው በካህን ፊት ይቅር ብዬዋለሁ ብላ መዋሸቷን ታውቀዋለች፤ ያን ይዛ ወደ መቅደሱ መቅረብ አልቻለችም። በሚቀጥለው ዓመትም አልቻለችም።